«አውዳሚ» ማንን ነው የሚያወድመው?

ጥያቄ፦ ሰላም የቃላት ወዳጆች። ዜና ላይ «አውዳሚ የጦር መርከብ» የሚል አነበብኩ። ሌላ ቦታ ደግሞ ያቺኑ መርከብ «ዲስትሮየር» ብለዋታል። ለመሆኑ አውዳሚ ያልሆነ የጦር መርከብ አለ እንዴ? ፍሪጌት፣ ኮርቬት፣ ክሩዘር የሚባሉትስ የሚለያዩት በትልቅነት ነው? የምታውቁ እስቲ አስረዱን።

መልስ፦ ግራ ቢገባህ አይፈረድብህም፤ ስሙ ግማሹ ተቆርጦ የቀረ ነው። ሙሉው «የቶርፔዶ ጀልባ አጥፊ» ነበር። ነገሩ የሚጀምረው ከ1866 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ሮበርት ዋይትሄድ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ ዛሬ ክሮኤሺያ ውስጥ ባለችው በሪየካ፣ ቶርፔዶን፣ ማለትም ውኃ ውስጥ በራሱ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ፣ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ስንት ገንዘብ የፈሰሰበት ግዙፍ ብረት ለበስ መርከብ ቶርፔዶ የታጠቀች አንዲት ትንሽ ጀልባ ስትመጣ የሚርበደበድበት ዘመን ሆነ። ስጋቱም የወሬ አልነበረም። በ1891 በቺሊ የእርስ በርስ ጦርነት «ብላንኮ ኤንካላዳ» የተባለው ብረት ለበስ በቶርፔዶ ተመትቶ ሰጥሟል።

እንግሊዞች መላ ያሉት በ1893 «ሃቮክ» የምትባል መርከብ ባሕር ላይ ማውጣት ነበር። 300 ቶን እንኳ አትሞላም፤ ግን ፈጣን ናት። ሥራዋ የቶርፔዶ ጀልባዎቹን አሳዶ ከትልልቆቹ መርከቦች ማራቅ ነው። ማለትም ጠባቂ እንጂ አውዳሚ አልነበረችም። የሚያስቀው፣ እሷም ቶርፔዶ ታጥቃ ስለነበር ብዙም ሳይቆይ ያሳደደቻቸውን ጀልባዎች ሥራ ራሷ ወረሰችው። «የቶርፔዶ ጀልባ» የሚለው ወደቀ፣ «አጥፊ» (በእንግሊዝኛ ዲስትሮየር) ብቻውን ቀረ።

ስለዚህ «አውዳሚ» የሚለው ትርጉም ቃሉን እንጂ ነገሩን አልያዘም ባይ ነኝ። «ባሕር ሰርጓጅ» እና «አውሮፕላን ተሸካሚ» ግን ግሩም ናቸው፤ መርከቧ የምትሠራውን ይናገራሉ። እኔ ብሆን «ዲስትሮየር» ብዬ በፊደላችን ጽፌ እተወዋለሁ።

በትልቅነት ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። የአሜሪካኖቹ ዙምዋልት ዲስትሮየር ወደ 16,000 ቶን ትጠጋለች። ክሩዘር የሚሏት ቲኮንዴሮጋ ደግሞ 10,000 አካባቢ ናት። እንዲያውም ቲኮንዴሮጋ የተሠራችው በስፕሩአንስ ዲስትሮየር ቀፎ ላይ ነው። መጀመሪያ በዲስትሮየርነት ተመዝግባ ነበር፤ በ1980 ክሩዘር ተባለች። የተቀየረው ብረቱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው።

ፍሪጌት ከሁሉም በላይ የተንከራተተ ስም ነው። በሸራ ዘመን ፈጣን ቃፊር ነበረች፤ ትልልቆቹ በሰልፍ ቆመው በመድፍ ሲደባደቡ እሷ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ቦታ አልነበራትም። በእንፋሎት ዘመን ስሙ ተረሳ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ባሕር ሰርጓጆችን የሚያድኑ አጃቢ መርከቦች ሲያስፈልጉ ከመቃብር ተነሣ። ቀጥሎ አሜሪካኖች ከዲስትሮየር የሚበልጡትን መርከቦቻቸውን ፍሪጌት ማለት ጀመሩ፤ ሌላው ዓለም ግን ከዲስትሮየር የሚያንሰውን ነበር እንዲህ የሚለው። በ1975 ገሚሶቹን ክሩዘር፣ ገሚሶቹን ዲስትሮየር ብለው ስማቸውን ቀየሩና ተገላገሉ።

ኮርቬትም እንደዚሁ ናት፤ ከሸራ ዘመን የመጣ የፈረንሳዮች ቃል ነው። በ1940 እንግሊዞች ያሰማሯቸው «የአበባ ክላስ» (ክላስ ማለት በአንድ ንድፍ የተሠሩ መርከቦች ነው) ኮርቬቶች ንድፋቸው የተወሰደው ከዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ነው። ሁሉም የአበባ ስም አላቸው። ሰው ሊገድል የሚወጣ መርከብ የአበባ ስም ማውጣት እንግሊዞች ብቻ የሚያስቡት ነገር ይመስለኛል። አትላንቲክ ላይ ሲንገላቱ መርከበኞቹ «ይቺ እርጥብ ሣር ላይ እንኳ ትንገዋለላለች» ይሉ ነበር።

ሌላ አባል፦ ፖለቲካውን ዘለልከው እኮ! ሶቪየቶች አውሮፕላን ተሸካሚያቸውን «አድሚራል ኩዝኔትሶቭ»ን «አውሮፕላን የጫነ ከባድ ክሩዘር» ያሏት በከንቱ አይደለም። በ1936ቱ የሞንትሩ ስምምነት መሠረት የጥቁር ባሕር አገሮች ትልልቅ የጦር መርከቦቻቸውን በቱርክ የባሕር ወሽመጦች ማሳለፍ ይችላሉ፤ አውሮፕላን ተሸካሚ ግን ከዚያ ፈቃድ ውጭ ነው። መርከቧ የተሠራችው ደግሞ ዩክሬን፣ ሚኮላይቭ ነው። ክሩዘር ካልተባለች ከጥቁር ባሕር በየት በኩል ትውጣ?

ጃፓኖችም «ኢዙሞ» አለቻቸው። ርዝመቷ 248 ሜትር፣ ጀርባዋ ከዳር እስከ ዳር ሜዳ። ፈረንጆች «ሄሊኮፕተር የጫነች ዲስትሮየር» እያሉ ይጽፏታል። በጃፓንኛ ግን ትንሿም ትልቋም «ጎኤይካን» ናት፤ አጃቢ መርከብ እንደማለት። ጦርነትን የሚከለክል ሕገ መንግሥት ያለው አገር የስም ምርጫው ጠባብ ነው።

ጠያቂው፦ እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጣችሁ። ምፅዋ የነበረችው የእኛዋ መርከብ «ኢትዮጵያ»ስ ከየትኛው ትመደባለች?

መልስ፦ ከየትኛውም! የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ኦርካ» ነበረች፣ የባርኔጋት ክላስ። ክላስ ስሙን የሚወስደው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዋ መርከብ ነው፤ የዚህም የመጀመሪያዋ «ባርኔጋት» ትባላለች። ሥራዋ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅና ጥገና መስጠት ነበር። በ1962 ለእኛ ተሰጠችና የባሕር ኃይሉ አውራ መርከብ ሆነች። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከሶቪየት ፔትያ የሚባሉ ሁለት የጦር መርከቦች መጡ። ሶቪየቶቹ «ጠባቂ መርከብ» ነው የሚሏቸው፤ የምዕራባውያን መዝገብ ላይ ግን በፍሪጌትነት ነው የምታገኛቸው።