ካርታ የሌለው ቤት ልግዛ ወይስ ኪራይ ልቀጥል?

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው የምንኖረው። በ7 ዓመት 4 ቤት ተከራይተናል። በ2016 ዓ.ም የወጣው አዋጅ የኪራይ ውል ቢያንስ 2 ዓመት ይሁን ይላል፤ የእኛ ግን በቃል ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ግድግዳው ላይ በከሰል የቤት ሥዕል ሳለች። አከራያችን ሳያዩት ብዬ ሌሊቱን በሳሙና ስፈትግ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ የኪራይ ቤት አንገሸገሸኝ።

ያጠራቀምነው 500 ሺህ ብር ነው። ባንክ ብድር ስጠይቅ ካርታ ያለው መያዣ አምጪ አሉኝ። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ በዚሁ ብር የጭቃ ቤት ተገኝቷል። ካርታ የለውም፣ የመንደር ውል ብቻ። ባለቤቴ ይፈርስብናል ብሎ ይሰጋል። እናቴ ደግሞ «አብሽሪ፣ የራስሽ ጣሪያ ይሻላል» ትለኛለች።

በመንደር ውል የገዛችሁ ካላችሁ፣ ከመፈረሜ በፊት የት ሄጄ ምን ላጣራ?