የቤተ ክርስቲያናችን ሣርና ግቢያችን የሚገባው የባሕር ውኃ፦ የካሊፎርኒያ ሕግ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ የሰበካው ጸሐፊ፣ ኢስት ቤይ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ከሳን ፍራንሲስኮ ቤይ (የባሕር ሰላጤው) ዳር አራት ብሎክ ያህል ገባ ብሎ ነው ያለው። ከፊት ለፊቱ ሰፊ ሣር አለን። ለደመራ ሕዝቡ የሚቆመው፣ ለጥምቀትም ድንኳኑ የሚተከለው እዚያ ላይ ነው። በመኪና ማቆሚያው ዙሪያ ደግሞ ማንም የማይረግጠው ቀጭን የሣር መደብ አለ።

ባለፈው እሑድ አንድ አባት «ከ2028 ጀምሮ ሣር ማጠጣት ክልክል ነው» አሉን። ሌላው ተነሥቶ «ገላ መታጠብና ልብስ ማጠብም በአንድ ቀን አይቻልም ተብሏል» አለ። ስብሰባው ሳንስማማ ተበተነ።

ሌላም ጭንቀት አለን። ጥር ላይ፣ የዝናብ ጠብታ ሳይኖር፣ መኪና ማቆሚያው ውኃ ያዘ። የመጣው ከዝናብ ውኃ መውረጃው ነው፤ ከታች ወደ ላይ እየገነፈለ። ሲደርቅ አስፋልቱ ላይ ነጭ የጨው መስመር ጥሎ ሄደ። ይህን የሚመለከት ሕግ አለ? ማንን እንጠይቅ?

አትክልተኛው፦

ወንድሜ፣ አባታችን የሰሙት እውነት አለው፤ ግን ግማሹን ነው። ኤቢ 1572 የሚባል የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። በ2023 ገዥው ጋቪን ኒውሰም ፈርመውበታል። የሚከለክለው በመጠጥ ውኃ «ጥቅም የማይሰጥ ሣር» ማጠጣትን ነው። የመንግሥት ግቢዎች ከ2027፣ ንግድ ቤቶችና ተቋማት ከ2028፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበራት የጋራ ቦታዎች ከ2029 መጀመሪያ አንሥቶ ይገባሉ። የካሊፎርኒያ የውኃ ሕግ አብያተ ክርስቲያናትን ከተቋማት ስለሚቆጥር እናንተም አላችሁበት። የግለሰብ ቤት ጓሮ ግን አይነካም።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ባለንብረቱ ለሥነ ሥርዓትና ለማኅበራዊ መሰብሰቢያ የመደበው ሣር ጥቅም እንደሚሰጥ ይቆጠራል። ደመራና ጥምቀት የሚከበርበት ሣር በትክክል ይኸው ነው። ስለዚህ ሰበካው ተሰብስቦ «ይህ ቦታ ለበዓላት መሰብሰቢያ የተመደበ ነው» ብሎ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ካርታም ይሳልበት፣ ፎቶም ይያያዝ። የመኪና ማቆሚያው ሣር ግን ማምለጫ የለውም፤ ሕጉ በስሙ ጠርቶታል።

ሜትር ይዛችሁ ግቢውንም ለኩ። የሚጠጣው ቦታ ከ5,000 ካሬ ጫማ በላይ ከሆነ፣ ሕጉን ማክበራችሁን ከሰኔ 30 ቀን 2030 ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ ለስቴቱ የውኃ ቦርድ ማረጋገጥ ይጠበቅባችኋል። ሁሉም ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ወለተ ሥላሴ፣ ሳን ሆዜ፦

የገላ መታጠቡ ወሬ ሐሰት ነው፤ እባካችሁ ሽማግሌዎቹን አሳርፏቸው። በ2018 የወጡት የካሊፎርኒያ የውኃ ቁጠባ ሕጎች ለቤት ውስጥ አጠቃቀም በሰው በቀን 55 ጋሎን የሚል ልክ አውጥተው ነበር። በ2022 የወጣው ኤስቢ 1157 የተባለው ሕግ ከ2025 ጀምሮ ወደ 47፣ ከ2030 ወደ 42 ጋሎን አወረደው። ልኩ የሚመለከተው ውኃ አቅራቢውን ድርጅት ነው፤ በአጠቃላይ ሥርጭቱ ይሰላል። ማንም ቤታችሁ ገብቶ የልብስ ማጠቢያ አይቆጥርም።

ከራሴ የደረሰ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የውኃ ድርጅቶች ሣሩን ለሚነቅል ሰው የሚሰጡት የማበረታቻ ገንዘብ አለ፤ እኔ ሣሬን ነቅዬ ጨርሼ ነው ያመለከትኩት። «መጀመሪያ ሣሩን ማየት ነበረብን» ብለው መለሱኝ። እናንተ አካፋ ሳታነሡ አመልክቱ፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ።

ሲቪል መሐንዲስ፣ ኦክላንድ፦

ስለ ጨዉ ውኃ እኔ ልመልስ። የገለጽከው ኪንግ ታይድ የሚባለው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ፀሐይና ጨረቃ ውኃውን አብረው ሲስቡት ባሕሩ ከልኩ በላይ ይነሣል። የዝናብ መውረጃው ጫፍ ከባሕሩ በታች ይውልና ውኃው በቱቦው ተመልሶ ይመጣል። የቤዩ መግቢያ በሆነው በጎልደን ጌት የባሕሩ ከፍታ ከ1854 ጀምሮ ይለካል፤ ባለፉት መቶ ዓመታት 8 ኢንች ያህል ጨምሯል። ስቴቱ በ2024 ያወጣው የባሕር መነሣት መመሪያ ከ2000 እስከ 2050 ወደ 0.8 ጫማ ጭማሪ ይጠብቃል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ግቢያችሁ ዛሬ የያዘው ውኃ በዓመት አንዴ ሁለቴ መሆኑ ይቀርና ይደጋገማል።

ሕጉ ኤስቢ 272 ይባላል፤ የ2023 ነው። በባሕር ዳርና በቤዩ ዙሪያ ያሉ ከተሞችና ካውንቲዎች እስከ 2034 መጀመሪያ የባሕር መነሣትን የሚቋቋሙበትን ዕቅድ እንዲያወጡ ያዛል። ግዴታው የእናንተ አይደለም፣ የከተማው ነው። ለዚህ ነው ከተማው ዕቅዱን በሚመክርበት ስብሰባ መገኘት ያለባችሁ! ዕቅዱ ሲወጣ የትኛው ሰፈር ቀድሞ ግድብ ወይም ፓምፕ ያገኛል የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው። የእኛ ሰው ስብሰባው ላይ አይታይም፣ ይህ ሁሌ ያሳዝነኛል። በ2024 ሕዝቡ ያጸደቀው የ10 ቢሊዮን ዶላር ቦንድም አለ፤ 1.2 ቢሊዮኑ ለባሕር ዳር ነው። ፎቶዎቹን ከነቀኑና ሰዓቱ ይዛችሁ ለከተማው የሕዝብ ሥራዎች ክፍል አመልክቱ። በመውረጃው ጫፍ ላይ ውኃ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ እንዲገጠም ጠይቁ።

ኢንሹራንሱንም እዩት። የተለመደው የሕንፃ ኢንሹራንስ ጎርፍ አይከፍልም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለእንዲህ ያለ ሕንፃ እስከ 500,000 ዶላር ይሸፍናል፤ ግን ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ካልሞላው ሥራ ላይ አይውልም። ለጥምቀት የሚሆነው ኅዳር ሳይገባ ነው የሚገዛው።

የሰበካው ጸሐፊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ቃለ ጉባኤውን በዚህ ሳምንት አዘጋጃለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በመኪና ማቆሚያው መደብ ላይ ሟቹ ቄሳችን የተከሏቸው ሁለት ወይራዎች አሉ። የሚጠጡት ከሣሩ ጋር ነው። ሣሩ ሲቆም እነርሱስ?

አትክልተኛው፦

አይዟችሁ፣ ሕጉ ዛፍ ማጠጣትን ይፈቅዳል። ስሕተቱ የሚፈጸመው የሣሩ መርጫ ሲዘጋ ነው፤ ዛፉ አብሮ ይጠማል። መርጫውን ከመዝጋታችሁ በፊት ለብቻው የጠብታ መስመር ዘርጉላቸው። ቱቦውን ግንዱ ሥር ሳይሆን ቅርንጫፎቹ የሚያጠሉበት ዳር ላይ አዙሩት፤ ውኃ የሚስቡት ሥሮች ያሉት እዚያ ነው። የባሕሩ ውኃ እዚያ ድረስ ገብቶ ከነበረ ደግሞ መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ አፈሩን በደንብ አጥቡት።