በደባርቅ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ቢሠራ ለጃናሞራ ሰው ይጠቅማል?

የጃናሞራ ልጅ፦
የምኖረው ጎንደር ከተማ ቢሆንም ቤተሰቦቼ ያሉት ጃናሞራ ነው። ከወረዳው ከተማ ከመካነ ብርሃን የተነሣ መኪና ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የቧሂትን መተላለፊያ ወጥቶ፣ የሰሜን ተራሮች ፓርክን አቋርጦ ደባርቅ ሲደርስ፣ ጎንደር ለመግባት ገና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። አምና ክረምት የአክስቴ ልጅ ምጥ ጠንቶባት ወደ ጎንደር ሪፈር ስትባል ጭቃው መኪናውን ይዞት መንገድ ላይ አደረች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ተርፈዋል። ደባርቅ ላይ ያ ሁሉ ሜዳ እያለ አነስተኛ ማረፊያ የማይሠራው ለምንድን ነው?

ከአዘዞ፦
እንኳን ተረፉ። ሜዳ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ስለሚደክም አውሮፕላኑ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ስሌት በመንደርደሪያው ርዝመት ላይ ለየ300 ሜትሩ ከፍታ 7 በመቶ፣ ለቦታው ከፍታ ከተቀመጠው መደበኛ ሙቀት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ 1 በመቶ ይጨመራል። ወደ ጎንደር የሚበረረው ኪው 400 የተባለው የመንገደኞች አውሮፕላን ሙሉ ጭነት ይዞ በባሕር ወለል ለመነሣት 1,400 ሜትር ያህል ይበቃዋል፤ የቀትሩን ሙቀት 20 ዲግሪ ብንል ለደባርቅ ወደ 2,900 ሜትር ይደርሳል። ጭማሪው ከ35 በመቶ ካለፈ ደግሞ ለቦታው የተለየ ጥናት ያስፈልጋል።

የደባርቅ ነዋሪ፦
ስሌቱን አልቃወምም፤ ነገር ግን ለምን በኪው 400 ብቻ እንለካለን? አየር መንገዳችን በቀደመው ዘመን ዲሲ 3 በተባለው አውሮፕላን ሣር ሜዳ ላይ ያርፍ ነበር፤ 19 ሰው የሚይዘው ቱዊን ኦተርም ለአጭር ሜዳ የተሠራ ነው። ለእኔ የሚከብደው ሜዳው የግጦሽ መሬት መሆኑ ነው። አጥር ካልታጠረ ከብት ይገባበታል፤ አጥር ከታጠረ ደግሞ ገበሬው ከብቱን ወዴት ያሰማራል? በአካባቢያችን የሚያንዣብቡት ትልልቅ አሞሮችም ለአብራሪ የዋዛ አይደሉም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ወንድሜ፣ የዘመድዎ ጭንቅ የነበረው ከደባርቅ ወዲያ ነው። ቧሂትን ተሻግሮ ደባርቅ የደረሰ በሽተኛ ከዚያ በኋላ ጎንደር የሚገባው በአስፋልት ነው። ማረፊያ ይሠራ ከተባለ መሠራት ያለበት በእናንተ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ደግሞ የክረምቱ ጉም ከመንገዱ ጭቃ ያልተናነሰ እንቅፋት ይሆናል።

የጃናሞራ ልጅ፦
አመሰግናለሁ፤ እኔ የቆጠርሁት ከጎንደር ያለውን ርቀት ብቻ ነበር። እንግዲያውስ በቅድሚያ መጠየቅ ያለብን የቧሂት መንገድ በክረምት እንዳይዘጋና ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ ቀድመው የሚያርፉበት ማቆያ እንዲጠናከር ነው ማለት ነው። በመካነ ብርሃን ዙሪያ ግን ተዳፋት ያልሆነ አንድ ኪሎ ሜትር ሜዳ የሚያውቅ ሰው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።