ኮምቦልቻ ነኝ፣ ደሴ የግል ዩኒቨርሲቲ ልግባ ወይስ የተመደብኩበት ልሂድ?

የቦርከና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፌያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ችግሩ ምደባው ነው። የደረሰኝ ዩኒቨርሲቲ በጣም ሩቅ ነው፣ መንገድ ላይ ሳያድሩ አይደረስም። እናቴ ምደባው ከወጣ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። "መንገዱን እየሰማሁ እንዴት ብዬ ልላክህ" ትላለች። በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ ያየችውን ስላየች አልፈርድባትም። አባቴ ደግሞ "ደሴ ግል ግባ፣ እኔ እከፍላለሁ" ብሏል። አባቴ ያለችው አንድ ሱቅ ናት፣ ከኔ በታች ደግሞ ሁለት ታናናሾች አሉ። ስለዚህ "እከፍላለሁ" ሲል ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል።

መማር የምፈልገው አካውንቲንግ ነው። ደሴ ግል የተማራችሁ ወይም እየተማራችሁ ያላችሁ፣ ኑሮው እንዴት ነው? ዶርም የለም፣ ካፌ የለም፣ ግቢው አንድ ፎቅ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ተማሪ ነኝ የሚያሰኝ ነገር አለው ወይስ ክፍል ገብቶ መውጣት ብቻ ነው? ደግሞ ከኮምቦልቻ እየተመላለስኩ መማር እችላለሁ ወይስ ደሴ ቤት ልከራይ? በቅንነት ንገሩኝ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው።

ከጦሳ ሥር

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። በ2014 ይሄን ፈተና ከወሰደው ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ማለፍህን አታሳንሰው። እኔ ደሴ ግል ተምሬ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

ኑሮውን ከማውራታችን በፊት እውቅናውን እንጨርስ። ለግል ተቋም እውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን እዚህ ጋ ነው፦ እውቅና ለዩኒቨርሲቲው በጅምላ አይሰጥም። በየካምፓሱ፣ በየትምህርት ክፍሉ፣ ለመደበኛው፣ ለማታውና ለርቀቱ ለየብቻ ነው የሚሰጠው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ግቢ በአካውንቲንግ እውቅና አለው ማለት ደሴ ያለው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም። ሬጅስትራር ሂድና "የደሴ ካምፓስ የአካውንቲንግ፣ የመደበኛ፣ የዲግሪ የእውቅና ደብዳቤ አሳዩኝ" በል። ቀኑንም አንብብ፣ እውቅና ጊዜው ያልፋል። ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለውን አይተህ እንዳትመለስ። ከዚያ ደግሞ ባለሥልጣኑ ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር አመሳክር። እውነተኛ ተቋም ይሄን ስለጠየቅከው አይቆጣም። ከተቆጣ ውጣ።

ሁለተኛው መውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተማሪ ኤግዚት ኤግዛም ካላለፈ ዲግሪ የለም፣ ማለፊያው 50 ነው። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ይሄን የምነግርህ ላስፈራህ አይደለም። ፈተናው አንድ ነው፣ የሚሰጠውም መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኮምፒውተር ነው፣ "ግል ነው የተማርኩት" ብሎ የሚያዝንልህ የለም። እኛ ከክፍላችን አምስት ልጆች ሆነን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በግሩፕ አጠናን። ኮስት፣ ኦዲቲንግ፣ ታክስ፣ አንዱ አንዱን ተከፋፍለን እያስረዳን። አስተማሪው ሃንድአውት ሰጥቶ ከሄደ ሃንድአውቱ ላይ አትቁም፣ መጽሐፉን አውጣና ጥያቄዎቹን ሥራ። አምስታችንም አልፈናል። ስትመዘገብ "ባለፈው ዙር ከአካውንቲንግ ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ" ብለህ ጠይቅ። ቁጥሩን አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው።

ሐረጎን የምመላለስ

ስለ መመላለሱ እኔ ልመልስልህ፣ እኔም የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ሳምንቱን ኢንዱስትሪ ፓርክ እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደሴ ኤክስቴንሽን እማራለሁ፣ ማኔጅመንት።

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወረቀት ሲታይ ምንም አይደለም። ግን በመሃል ያለውን ዳገት፣ ሐረጎን ታውቀዋለህ። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ከሚኒባሱ ፊት ያለው መኪና መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው፣ ሾፌሩ አንገቱን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ ጥምዝምዙን በቀስታ ይወጣል፣ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ይላል። የከባድ መኪና ሰልፍ ካጋጠመህ ደግሞ የመጀመሪያዋ ክፍለ ጊዜ ሄደች። አቴንዳንስ የሚይዝ አስተማሪ አለ፣ በዚያ ላይ ፈተና 2፡30 ላይ ሲጀመር 3 ሰዓት ደርሰህ "መንገድ ነው" ብትል የሚሰማህ የለም። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚማር ሰው ይቻላል። በየቀኑ ለሚማር ግን ትራንስፖርቱ ኪስህን ይበላል፣ ማታ ቤት ስትገባም ደብተር የመክፈት አቅም አይኖርህም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ተከራይ። ብቻህን ሳይሆን ከሁለት ከሦስት ልጆች ጋር። ከፒያሳ ራቅ ብለህ ሆጤ ወይም ሮቢት አካባቢ ብትፈልግ ይሻላል፣ ደላላ ሳትይዝ መጀመሪያ ተማሪዎችን ጠይቅ፣ የሚለቅ ልጅ ሁሌም አለ። ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ይዘህ ሂድ። የኛን ሙቀት ለምደህ ደሴ ኅዳር ላይ ስታድር ልዩነቱን ታየዋለህ።

የግቢ ልጅ

እኔ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሐሳብ አለኝ። ብትሄድ ይሻልሃል እላለሁ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማለት ክፍል ብቻ አይደለም። ከጋምቤላ፣ ከሐረር፣ ከጎጃም፣ ከወላይታ የመጣ ልጅ አንድ ዶርም ውስጥ አብሮህ ይተኛል። እኔ ዛሬ በየከተማው ስልክ ብደውል "ና ቤት እደር" የሚለኝ ሰው ያለኝ በዚያ ነው። ምግብና መኝታ አለህ፣ ገንዘቡንም በወጪ መጋራት ውል ፈርመህ ከተመረቅክ በኋላ ነው የምትመልሰው። አባትህ ሱቁን ለታናናሾችህ ያቆይላቸው። ላይብረሪው ሌሊት ድረስ ክፍት ነው፣ ፈተና ሲደርስ ግቢው በሙሉ ስለሚያነብ አንተም ሳትወድ ታነባለህ።

የእናትህ ስጋት ግን ስጋት ነው፣ አላቃልለውም። እሱን ካንተና ከቤተሰብህ በላይ ማንም አይመዝነውም።

ከጦሳ ሥር

@የግቢ ልጅ ያልከው እውነት ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። መንግሥት ጋ ስትገባ ቀጥታ አካውንቲንግ አትገባም። መጀመሪያ ፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት የጋራ) ኮርሶችን ወስደህ በውጤትህና በምርጫህ ነው ዲፓርትመንት የሚደርስህ፣ አካውንቲንግ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። ግል ላይ ፍሬሽማን ኮርሱ ቢኖርም የምትፈልገውን ይዘህ ነው የምትገባው። ልጁ አካውንቲንግ ካለ ይሄም ሚዛን ላይ ይግባ።

የልጅ አባት

ልጄ፣ እኔ እንዳባትህ ሆኜ ልንገርህ። ልጄን ደሴ ግል አስተምራለሁ፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷ ነው።

አባትህን ቁጭ አድርገህ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት። ክፍያው በክሬዲት ሰዓት ይታሰባል፣ እሱን ብቻ ይነግሩሃል። ከሱ በላይ የምዝገባ አለ፣ ወሩ ሲያልፍ ቅጣት አለ፣ መጨረሻ ላይ የምረቃና የዶክመንት ወጪ አለ። "በየዓመቱ ይጨምራል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። አካውንቲንግ ዲግሪ አራት ዓመት ነው፣ አባትህ ማየት ያለበት አራተኛውን ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሁሉም ይከፍላል። ልጄ አንዴ ክፍያ ዘግይታ ሚድ ፈተና በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ደውላልኛለች። ሱቄን ጥዬ ሮጥኩ፣ ከጎረቤት ተበድሬ አስገባሁ፣ ፈተናው ግን አልፎ ነበር። በሌላ ቀን ፈተኗት፣ የዚያን ቀን የልጄ ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ችግር ሲገጥም ቀኑ ከማለፉ በፊት ማመልከቻ ጻፍ፣ በሰዓቱ ለጠየቀ የሚያራዝሙ አሉ።

ኑሮዋን ከጠየቅከኝ ደስ ብሏታል። የተከራየችው ግቢ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተማሪ አለ። ረመዳን ላይ ለማፍጠሪያ ሾርባውን ክርስቲያኖቹ ልጆች ናቸው የሚያሞቁት፣ ለፋሲካ ደግሞ ልጄ ናት ሽንኩርት ስትከትፍ የምትውለው። አከራይዋ እትዬ ማታ አንድ ሰዓት ያልገባ ልጅ ካለ በስልክ ትፈልጋለች። የጊቢ ኑሮ የለም ቢሉህ አትስማ፣ ደሴ ላይ ግቢው የሰው ቤት ነው።

የቦርከና ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለአባቴ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰምቶ "ነገ ወረቀት ይዘህ ና፣ እንሥራው" አለኝ። @ከጦሳ ሥር አንድ ጥያቄ፦ ሥራ ላይ "ግል ነው የተማርከው" እያሉ ወደ ኋላ አያደርጉህም? @ሐረጎን የምመላለስ አንቺ ያልሽውን የሚለቅ ቤት ካወቅሽ ንገሪኝ፣ ከአንድ የክፍሌ ልጅ ጋር እንሆናለን።

ሐረጎን የምመላለስ

አብሽር፣ ሮቢት ያለች አንዲት ጓደኛዬ ግቢ ውስጥ ሁለት ወንዶች ሊለቁ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ስሄድ እጠይቅልሃለሁ። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣም እጠይቃለሁ፣ ኪራዩን ብቻ አይተህ እንዳትስማማ።

ከጦሳ ሥር

አንዳንድ ቦታ ይጠይቁሃል፣ አልዋሽህም። ግን ኤግዚት ማለፍህን የሚያሳየውን ስትዘረጋ ወሬው ያጥራል፣ ሁላችሁም አንድ ፈተና ነው የወሰዳችሁት። እኔን ይበልጥ የጠቀመኝ ግን አፓረንትሺፕ፣ ማለትም ድርጅት ገብቶ የሥራ ልምምድ ማድረግ ነው። ብዙ ልጅ ወረቀቱን አስፈርሞ ቤቱ ይቀመጣል። እኔ አንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል በየቀኑ ገባሁ፣ መጀመሪያ ደረሰኝ በቀን በቀን እየለየሁ ማሰር ነበር ሥራዬ፣ በኋላ ቫውቸር ማዘጋጀት ሰጡኝ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌርም እዚያው ለመድኩ። ቃለ መጠይቅ ላይ "ባንክ ሪኮንሲሌሽን ሥራ" (የባንኩንና የድርጅቱን መዝገብ አስታርቅ) ሲሉኝ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ኮምቦልቻ ደግሞ ፋብሪካ የሞላባት ከተማ ናት፣ አንተ ለዚህ ከደሴ ልጆች የተሻለ ዕድል አለህ። ክረምት ላይ ቤትህ ስትመለስ በነፃም ቢሆን አንዱ ጋ ግባ።

አሁን ግን ደብዳቤውን እይ። አባትህን ይዘህ ሂድ፣ ኮፒ ካልሰጡህ በስልክህ ፎቶ አንሳው። እሱን ሳታረጋግጥ አንድ ብር ባንክ እንዳታስገባ፣ ምደባህንም እስከዚያ ድረስ እንዳትተወው።