ለራሴ ስጽፍ ይፈሳል፣ ለትምህርት ቤት ሲሆን ይደርቃል

እባካችሁ እርዱኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ማታ ማታ ለራሴ ስጽፍ የሚያቆመኝ የለም። ትናንት አራት ኪሎ «ሽሮ ሜዳ! ሁለት ሰው!» እያለ ስለሚጣራው የታክሲ ረዳት ብቻ ገጽ በገጽ ሞላሁ። የድምፁን መጎርነን፣ በጣቶቹ መሃል ያጣጠፋቸውን ብሮች ሳይቀር። ደስ ሲል!

የትምህርት ቤቱ ድርሰት ደግሞ እዚያው አደባባይ ላይ ስላለው የድል ሐውልት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት ድል መታሰቢያ። ርዕሱን ከልቤ እወደዋለሁ፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬም አንብቤያለሁ። ግን «መግቢያ» ብዬ ስጀምር ቃል ይጠፋብኛል። መምህራችን (ጎበዝ ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ) መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ካልተለየ አይቀበሉም።

መጀመሪያ እንደ ማስታወሻዬ ለቅቄ ጽፌ በኋላ ብከፋፍለው ይሻላል? ወይስ ከሐተታው ልጀምር? ሁለቱንም የምትጽፉ፣ እናንተ እንዴት ተወጣችሁት? ሰኞ አስረክባለሁ።