ያከራየችኝ ራሷ ተከራይ ናት፤ ባለቤቱ በቀትር ቆልፎብኝ ሄደ። ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰፊዋ ከአሸዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ አሸዋ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። የዛሬ ሁለት ወር አንዲት ሴት ከተከራየችው ሱቅ ግማሹን በኮምፔንሳቶ ከፍላ አከራየችኝ። ኪራዩ በወር 9,000 ብር ነው። የስድስት ወር 54,000 ብር በቅድሚያ ተቀብላኛለች። ውል ጽፈናል፣ ሁለት ምስክር ፈርሞበታል። ስለ ባለቤቱ ስጠይቃት "ያውቃል፣ ችግር የለም" አለችኝ። አመንኳት።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቱ መጣና "እኔ አንቺን አላከራየሁም፣ በአሥር ቀን ውስጥ ልቀቂ" አለኝ። አሥር ቀኑ እንኳ አልሞላም። ትናንት በቀትር እንደ ሁልጊዜው ዘግቼ ቤቴ አረፍ አልኩ። 10 ሰዓት ላይ ስመለስ ከእኔ ቁልፍ በላይ ሌላ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ኦቨርሎክና የደንበኞች ጨርቅ አለ። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ቅዳሜ የምትዳር ልጅ ቀሚስ ነው። እጅጌው ገና በስፒል እንደተያዘ ነው። እናቷ ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስቴ ደውላለች። ሴትየዋ ስልኳን ዘግታለች። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ "የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂጂ" ተባልኩ። ቁልፉን ሰብሬ ብገባ ምን ይመጣብኛል?

መልስ፦ የመጋላ ልጅ

ኧረ አቦ እንዳትሰብሪ! ከሰበርሽ ነገሩ ይገለበጣል፣ ተከሳሿ አንቺ ትሆኛለሽ። አሁኑኑ በሩን ከነጓጉንቸሩ ፎቶ አንሺ። ትናንት ጠዋት ስትሠሪ ያዩሽን ሁለት ጎረቤቶች ያዢ። ጣቢያውም ተመለሺና "ክስ አይደለም የምጠይቀው፣ ዕቃዬ ውስጥ መቆለፉ ይመዝገብልኝ" በያቸው።

መልስ፦ ተማሪ

አትፍሪ፣ አዲሱ የኪራይ አዋጅ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ማንም አያስወጣሽም።

መልስ፦ ጠበቃው

እዚሁ ድሬ በጥብቅና ነው የምሠራው። ወንድሜ፣ ያልከው አዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ብቻ ነው፣ ሱቅን አይመለከትም። በዚህ ተማምነው ችሎት ቆመው ያፈሩ ነጋዴዎች አይቻለሁ። የንግድ ቤት ኪራይ የሚዳኘው በውሉና በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

እህቴ፣ ሁለት ጉዳይ ነው ያለሽ፤ አታቀላቅያቸው። አንደኛው ከባለቤቱ ጋር ነው። ካርታ በስሙ ቢሆንም በገዛ እጁ ቆልፎ ሰው ማስወጣት አይገባውም። ውሌ ተጥሷል የሚል ከሆነ ከስሶ ያስለቅቅ። አንቺ "ሁከት ይወገድልኝ" ብለሽ መክሰስ ትችያለሽ፣ አንቀጽ 1149 ነው። ጊዜው ሁከቱ ከተፈጠረ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ አንቺ ግን ሁለት ቀንም አትቆዪ። በዚህ ክስ ዋናው ጥያቄ የቤቱ ባለቤት ማነው የሚል አይደለም። ሱቁ በእጅሽ ነበር ወይ፣ ማንስ ከለከለሽ ነው። ባለቤቱ ለድርጊቱ መብት እንዳለው እዚያው በማያጠራጥር ማስረጃ ካላሳየ፣ ይመለስላት ይባላል። ከክሱ ጋር በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 የእግድ ማመልከቻ አያይዢ። ዕቃሽ እንዳይነካ፣ ሱቁም ለሌላ እንዳይከራይ። ድሬ ላይ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ችሎት አለ፣ ከተማውም የራሱ ፍርድ ቤት አለው። የትኛው እንደሚያይልሽ መዝገብ ቤት ጠይቀሽ ክፈቺ፣ በስህተት ቦታ ጊዜ እንዳታባክኚ።

ግን እውነቱን ልንገርሽ። ክሱን ብትረቺም እዚያ ሱቅ ትቀጥያለሽ ማለት አይደለም። የሴትየዋ ውል "ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ክልክል ነው" የሚል ከሆነ፣ ባለቤቱ ውሉን በፍርድ ቤት አፍርሶ ሁለታችሁንም ሊያስወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ገንዘቡ ነው። ያልተሠራበትን የአራት ወር 36,000 ብር የምትጠይቂው ሴትየዋን ነው። ባለቤቱ ካንቺ ሳንቲም አልተቀበለም። በባንክ ወይም በቴሌብር ልከሽላት ከሆነ ማስረጃውን ዛሬውኑ አሳትሚ።

መልስ፦ አከራይ ከሳቢያን

እኔ ደግሞ ሱቅ የማከራይ ሰው ነኝ። ልጄ፣ መቆለፉን አልደግፍም፤ ግን የባለቤቱንም ልብ ተረጂ። አንዱን ሱቄን በወር 7,000 ብር አከራይቼ ነበር። ተከራዩ ለካ ለሦስት ሸንሽኖ ከእያንዳንዳቸው 6,000 ይቀበላል። ያወቅኩት ቆጣሪው ሲቃጠል ነው። ፍሪጁም ካውያውም ብየዳውም ከአንድ ገመድ ላይ ተጠልፏል። ግድግዳዬ እስከ ጣሪያው ጠቁሮ ሳየው ያን ቀን እኔም ጓጉንቸር ገዝቼ ነበር። ጎረቤት ነው የያዘኝ። ከስሼ ነው ያስለቀቅኳቸው፣ ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ከውሌ ላይ አንድ ነገር አላጎድልም፦ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ሱቁን በሙሉም ሆነ በከፊል ማከራየት አይቻልም።

አንቺ ላይ ላይሆን ይችላል የተናደደው። ሁለት የሚያከብራቸው ሽማግሌዎች ይዘሽ ሂጂ። "ጋሼ፣ ተታልዬ ነው። ቢፈቅዱልኝ ኪራዩን በቀጥታ ለእርስዎ ልክፈል" በይው። እምቢ ካለ እንኳ ዕቃሽን በዝርዝር ያስረክብሽ። የተስማማችሁትን ጽፋችሁ ፈርሙ፣ በአፍ አትተዉት።

መልስ፦ ነጋዴ ከከዚራ

ቤቱ የግል መሆኑን አረጋግጠሻል? በ1967 በአዋጅ 47 የተወረሱና እስከ ዛሬ በመንግሥት እጅ ያሉ ቤቶች አሉ። እኔ 80,000 ብር ጉድዊል፣ ማለትም ከኪራዩ ሌላ የመግቢያ ገንዘብ፣ ከፍዬ የገባሁበት ሱቅ የቀበሌ ቤት ሆኖ ተገኘ። "አከራዬ" የምለው ሰው ራሱ ለቀበሌ በወር ጥቂት ብር የሚከፍል ተከራይ ነበር። ውሉ ሲቋረጥበት እኔንም ይዞኝ ወጣ። እስካሁን ገንዘቤን እየተከተልኩ ነው። ካርታውን በዓይንሽ እይ።

ሰፊዋ ከአሸዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤቱ የግል ነው፣ የካርታውን ኮፒ አየሁ። የሴትየዋም ውል ማከራየትን ይከለክላል፤ ያን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ጣቢያው አቤቱታዬን መዝግቦልኛል። ትናንት ማታ ከሰፈራችን ሁለት አባቶች ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ በሩንም አልከፈተልንም። የሙሽራዋ እናት አብራን ነበረች። የቀሚሱን ነገር እሷው ስትነግረው ዝም ብሎ ቆየና ቁልፉን አመጣ።

ዕቃው አንድ በአንድ ተጽፎ ተፈራርመናል። መኪናዎቹን በባጃጅ ቤቴ አስገብቻለሁ። በቀጥታ ለማከራየት በወር 14,000 ጠይቆኛል፣ አቅሜ አይደለም። ስለዚህ ቦታውን ትቼዋለሁ። የ36,000 ብሩን ክስ ግን ሰኞ እከፍታለሁ። ቴሌብሩ ታትሞ ፋይል ውስጥ ገብቷል። አሁን እጅጌውን እየሰፋሁ ነው። መጋላ ወይም ነምበር ዋን አካባቢ ባለቤቱ ራሱ የሚያከራየው ትንሽ ክፍል የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።