ጥቆማ፦ ከውጭ አገር ባህር ዳር ለሚመጣ ተማሪ የቱ ይሻለዋል?

በየዓመቱ ትምህርት ሊጀመር ሲል ይሄ ጥያቄ ይመጣል። «ከደቡብ ሱዳንና ከታንዛኒያ የማስተርስ ተማሪዎች እየመጡ ነው፤ እናንተ ተቀበሏቸው ተባልን። የት እናስቀምጣቸው? ምንስ እናስገዛቸው?» የኔን ልበል። ዋጋ ግን አልጠራም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያረጃል።

ከቤት እንነሳ። እንግዳ ሁሉ ሐይቅ የሚያሳይ ቤት ነው የሚያምረው። አይፈረድበትም። ግን ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ አይደለም። ልጁ የሚማረው ፔዳ ነው፣ ፖሊ ነው ወይስ ዘንዘልማ? ይሄ ሳይታወቅ ቤት አይታይም። ለዘንዘልማ ተማሪ ዓባይ ማዶ ይሻላል። ካምፓሱ በዚያው በጎንደር መንገድ ስለሆነ በየቀኑ ድልድይ ከመሻገር ያርፋል። ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚመደብ የሕክምና ተማሪ ደግሞ በአዴት መንገድ ከከተማ ወጣ ማለቱ አይቀርም። የፔዳና የፖሊ ተማሪ እዚያው ካምፓሱ ዙሪያ ይፈልግ።

ኮንዶሚኒየም ወይስ ሰርቪስ ቤት? እዚህ ላይ ሰው አይስማማም። ኮንዶሚኒየም ነፃነት አለው፤ «የት አመሸህ?» የሚል የለም። እኔ ግን ለመጀመሪያው ሴሚስተር ሰርቪስ ቤት ነው የምለው። ቡና ሲፈላ ይጠራል፣ ሲያመው የሚያየው ሰው አለ፣ አማርኛውንም ከግቢው ልጆች ይለቅማል። ጣጣውም ከዚያው ነው የሚመጣው። በር በጊዜ ይዘጋል፣ እንግዳ ማሳደር የለም፣ አንዳንዱ አከራይ ስቶቭ ሲያይ ቆጣሪው ይታየዋል። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ሮቶ አለ? ቆጣሪው የጋራ ነው የብቻ? ሽንት ቤቱን ስንት ሰው ይጠቀማል? ውሃ ስለሚጠፋ የሮቶው ነገር ከሁሉም ይቀድማል።

ደላላ ጋ እንግዳውን ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የፈረንጅ ዋጋ ለፈረንጅ ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ከጁባ የመጣውንም ይነካዋል። ዋጋው ካለቀ በኋላ ይምጣና ይይ።

ፍራሽ ስትገዙ አጎበር አብራችሁ ግዙ። ባህር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ወባ አለ። የሚበረታው ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ፣ ልክ አዲስ ተማሪ በሚገባበት ሰሞን ነው። ትኩሳት ከያዘው ማስታገሻ ውጦ አይተኛ፣ ደሙን ይመርመር። ከተማ ውስጥ ለሚኖር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይቀርበዋል።

ስልክ ላይ ከኬንያና ከታንዛኒያ የሚመጡት ኤምፔሳ (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ለምደው ስለሚመጡ ወደ ሳፋሪኮም መሮጣቸው አይቀርም። ሳፋሪኮም ለዳታ ሁለተኛ ሲም ይሁን። የመጀመሪያው ግን ኢትዮ ቴሌኮም ይሁን፤ ምክንያቱም ቴሌብር ከሱቅ እስከ ምግብ ቤት ይሠራል። ሲም ለማውጣት ፓስፖርቱን ይያዝ። የቴሌብሩን *127#ንም አሳዩት፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው እሱ ነው። በ2015 ክረምት ግጭቱ ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የምንረሳ አይደለንም። ጥቂት ጥሬ ብርም ከኪሱ አይጥፋ።

ትራንስፖርት ላይ ብዙ አልልም። ባጃጅ ሲይዝ ኮንትራት ይሁን የጋራ ሳይገባ ይለይ፤ ጭቅጭቁ ሁሉ ከዚያ ነው። የኔ ምርጫ ሳይክል ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይም የሳይክል መስመር አለው። ማታ ማታ ግን በጊዜ መግባት ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጣ መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነና ጸጥታውም ስለሚለዋወጥ አውሮፕላን ይሻላል።

ወደ ሆድ እንምጣ። የካምፓስ ላውንጅ ርካሽ ነው፣ ግን እንጀራ ያልለመደ ሆድ ሽሮ በሽሮ ሲሆንበት ይጨነቃል። ሐይቅ ዳር ያሉት ዓሳ ቤቶች እዚህ ላይ ያድናሉ። መጀመሪያ ቀረሶ ጥብስ ይቅመስ፤ ለምሥራቅ አፍሪካ ልጆች እንግዳ አይደለም። አምባዛ ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ለጉላሽ ይሆናል፤ እኔ ግን አልመርጠውም። ሙስሊም ከሆነ የሙስሊም ምግብ ቤት ቀድማችሁ አሳዩት፤ በጾም ሰሞን ደግሞ ሥጋ ፈልጎ እንዳይንከራተት ንገሩት።

ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) የናፈቀው ልጅ ካለ መፍትሔው ከእጃችን ነው። ጎጃም የበቆሎ አገር ነው! ቅዳሜ ገበያ ነጭ በቆሎ ይግዛ፣ ወፍጮ ቤት ወስዶ ያስፈጭ። ለጠላ እንዳይመስላቸው «ለገንፎ ነው፣ ደቀቅ አድርጉልኝ» ይበል። በሱፐርማርኬት ከታሸገው ዱቄት በጣም ይረክሳል፣ ጣዕሙም ይሻላል። ብዙዎቹ ይሄን የሚነግራቸው አጥተው ሴሚስተሩን በፓስታ ይገፉታል።

ሐይቁን በተመለከተ ዋና የለም በሉት። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ። በጀልባ ዘጌ ይሂድ እንጂ። ለብቻው ከሚኮናተር ከሌሎች ጋር ተሰብስቦ ቢሄድ የጀልባው ዋጋ ይከፋፈላል። ሴቶች ካሉ ጀልባው ሳይከፈል ንገሯቸው፦ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉም ይገባል፤ የግድግዳ ሥዕሉም እዚያ ነው።